አልጠፋ ያለችው ቢጫ መብራት

ከመሪው ጀርባ የሞተር ቅርጽ ያላት አንዲት ቢጫ መብራት አለች። ቼክ ኢንጂን ይሏታል። የታደለ ሰው የሚያያት ቁልፍ ሲያዞር ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። ያልታደለው ደግሞ አብሯት ይኖራል። መኪናው ይነሳል፣ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ የጎደለው ነገር ያለ አይመስልም። እሷ ግን በርታለች።

ስለዚህች መብራት ባወራሁ ቁጥር የምሰማው ምክር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ኧረ ተዋት፣ የእኔም ከበራች ቆየች፣ ምንም አላመጣችም» ይላል። ሌላው «ቶሎ አሳይ፣ ሞተሩን ታቃጥለዋለህ» ይላል። ሁለቱም መኪናው የመዘገበውን የብልሽት ምልክት፣ ኮዱን፣ አላዩትም። ነገሩን አስቸጋሪ የሚያደርገው ደግሞ ሁለቱም ልክ የሚሆኑበት ጊዜ መኖሩ ነው። ይቺው መብራት ለላላ የነዳጅ ክዳንም ትበራለች፣ ሊቀልጥ ለደረሰ ካታላይዘር፣ ጭስ ማውጫው ላይ ጭሱን ለሚያጸዳው ዕቃም ትበራለች። መልኳ አንድ ነው።

መጀመሪያ ስለ ቀለሞቹ በአጭሩ። ቀይ ማለት ቁም ነው። ቢጫ ማለት ሂድ፣ ግን አሳየኝ ነው። አረንጓዴና ሰማያዊ ወሬ ናቸው፤ ፍሬቻ አብርተሃል፣ ረጅሙን መብራት አብርተሃል ይሉሃል። ይኼን ሁሉም ያውቀዋል ብዬ አልፈው ነበር። ግን ማንቆርቆሪያ የምትመስለው ቀይዋ የዘይት ምልክት በርታ «እስክደርስ ብቻ ትታገሰኝ» የሚል ሹፌር አጋጥሞኛል። እሷ የምትለው ዘይት ጎድሏል ብቻ አይደለም። ግፊት የለም ነው የምትለው። ግፊት ከሌለ ብረት ከብረት እየተፋጨ ነው። ዳር ይዞ ሞተሩን ማጥፋት ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። የባትሪ ቅርጽ ያላት ቀይ መብራት ደግሞ ብዙ ጊዜ የምታወራው ስለ ባትሪው አይደለም። ባትሪው እየተሞላ አይደለም ማለቷ ነው። ዲናሞው ደክሞ ወይም ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። በአንዳንድ መኪና ያው ቺንጋ የውሃ ፓምፑንም ያዞራል። እዚያ ላይ ከቀጠልክ ቀጣዩ የሙቀት ቀይ መብራት ነው።

ቼክ ኢንጂንም ብትሆን ቢጫነቷ የማይሠራበት አንድ ጊዜ አለ። ዝም ብላ ከበራች ጊዜ ሰጥታሃለች። ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመረች ግን እንደ ቀይ ቁጠራት። ይኼ የሚሆነው አንዱ ሲሊንደር ማቃጠሉን እየዘለለ ሲሄድ ነው። እሳት የሚጭረው ካንዴላ፣ ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ኮይል ወይም ነዳጅ የሚረጨው ኢንጀክተር ሥራውን አልሠራም። ያልተቃጠለው ነዳጅ በጭስ ማውጫው ሾልኮ ካታላይዘሩ ውስጥ ይገባና እዚያ ይቃጠላል። ካታላይዘሩ ይግላል፣ ከቆየም ውስጡ ይቀልጣል። በትንሽ ኮይል ያልቅ የነበረ ጣጣ ወደ ትልቅ ወጪ የሚዞረው በዚህ መንገድ ነው። እግርህን ከነዳጁ ላይ ታነሳለህ፣ ቀስ ትላለህ፣ አመቺ ቦታ ስታገኝ ትቆማለህ።

እና መኪናው ደህና እየሄደ ለምን ትበራለች?

ይኼን ጥያቄ የመለሰልኝ የመብራቷ ታሪክ ነው። ቼክ ኢንጂን መጀመሪያውኑ ለሹፌሩ ተብላ አልመጣችም። ለአየሩ ነው የመጣችው። በካሊፎርኒያ የአየር ብክለት እያስቸገረ ስለነበር የግዛቱ የአየር ሀብት ቦርድ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1988 ሞዴል ጀምሮ መኪኖች የጭስ መቆጣጠሪያቸውን ራሳቸው እንዲፈትሹ፣ ብልሽት ሲያገኙም መብራት እንዲያበሩ አስገደደ። ያኔ እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱ መሰኪያና የራሱ ኮድ ነበረው። ከ1996 ሞዴል ወዲህ ኦቢዲ 2 የሚባለው አንድ ወጥ የራስ ፍተሻ ሥርዓት በመላው አሜሪካ ግዴታ ሆነ። አውሮፓም በ2001 ለአዳዲስ የቤንዚን መኪኖች ተመሳሳዩን አደረገች፣ ናፍጣዎቹ ትንሽ ቆይተው ተከተሉ። ከመሪው ሥር ያለችው ባለ 16 እግር መሰኪያ የመጣችው ከኦቢዲ 2 ጋር ነው። ዛሬ የትኛውም ጋራዥ ከዚያ ወዲህ የተሠሩትን አብዛኞቹን መኪኖች በአንድ መሣሪያ ማንበብ የሚችለው በእሷ ምክንያት ነው።

በአሜሪካው ደንብ ብዙዎቹ ፍተሻዎች መብራቷን የሚያበሩት ከመኪናው የሚወጣው ብክለት ከተፈቀደው መጠን 1.5 እጥፍ ሊያልፍ ይችላል ተብሎ ሲገመት ነው። ልብ በሉ፣ መለኪያው ጭሱ ነው። የሞተሩ ጉልበት አይደለም፣ የሹፌሩ ምቾትም አይደለም። ስለዚህ መኪናህ ሽቅብ እየበረረች መብራቷ ልትበራ ትችላለች። በተቃራኒው ደግሞ ፍሪሲዮንህ እየተንሸራተተ፣ የፊት እግሩ እየተንኳኳ ቼክ ኢንጂን ትንፍሽ ላትል ትችላለች። ጉዳይዋ አይደለማ። «መብራት ካልበራ መኪናው ጤነኛ ነው» የሚለው አባባል «መብራት ከበራ ሞተሩ አልቋል» ከሚለው የባሰ እንጂ ያነሰ ስህተት አይደለም።

የነዳጅ ክዳኑ ነገርም ከዚሁ ይመጣል። ቤንዚን ቆሞም ይተናል። ያ ትነት ወደ አየር እንዳይሄድ ከነዳጅ ታንኩ ጀምሮ የተዘጋ መስመር አለ። የመኪናው ኮምፒውተር መስመሩ ያፈስ እንደሆነ በየጊዜው ይፈትሻል። ክዳኑ በደንብ ካልጠበቀ ወይም የክዳኑ ማሸጊያ ጎማ ከተሰነጠቀ ማፍሰሱን ያገኛል፣ መብራቷን ያበራል። ክዳኑን ታጠብቃለህ፣ መብራቷ ግን ወዲያው አትጠፋም። ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው። «አጠበቅኩት እኮ!» ይላል። አጥብቆታል፣ ኮምፒውተሩ ግን አላመነውም።

የማመኑ ሥርዓት እንዲህ ነው። ብዙዎቹ ብልሽቶች አንድ ጊዜ ስለታዩ ብቻ መብራት አያበሩም። ኮምፒውተሩ መጀመሪያ በልቡ ይይዛል። በሚቀጥለው ጉዞም ያንኑ ካገኘ ያኔ ያበራል። ለማጥፋትም እንደዚሁ አይቸኩልም። ያ ፍተሻ በተከታታይ ሦስት ጉዞ ላይ ተካሂዶ ንጹህ ከሆነ መብራቷን ያጠፋታል፤ ኮዱን ግን በማኅደሩ ያቆየዋል። ኮዱ የሚሰረዘው ሞተሩ ቀዝቅዞ ተነስቶ እስኪሞቅ የሄደባቸው 40 ያህል ዙሮች ያለ ችግር ሲያልፉ ነው። ጉዞ የሚባለው ደግሞ ተነስቶ እስከ ሱቅ መሄድ ላይሆን ይችላል። ፍተሻው የሚጠይቃቸው ሁኔታዎች መሟላት አለባቸው። የነዳጅ ትነቱ ፍተሻ ለምሳሌ ሞተሩ ቀዝቅዞ ካልተነሳ፣ ታንኩ ጢም ካለ ወይም ባዶ ሊሆን ከተቃረበ ብዙ ጊዜ አይጀመርም። አብዛኛው መኪና ነዳጁ ከ15 እስከ 85 በመቶ መሃል እንዲሆን ይፈልጋል። ሁልጊዜ ሩብ ሳይሞላ የሚነዳ ሰው መብራቷ ቆይታ ብትጠፋበት አይግረመው።

«በራሷ በራች፣ በራሷ ጠፋች» የሚባለው ምሥጢር እንግዲህ ይኼው ነው። ስትጠፋ ድናለች ማለት አይደለም። ሦስት ጊዜ አልታየም ማለት ብቻ ነው። የሚመጣና የሚሄድ ብልሽት፣ ለምሳሌ ሲሞቅ ብቻ የሚላቀቅ ሽቦ፣ በዚህ መንገድ ወራት ይደባበቃል።

አሁን ወደ ኮዱ። ኮዱ አንድ ፊደልና አራት ቁጥር ነው። ፒ ከሆነ ሞተርና ካምቢዮ፣ ሲ ከሆነ ፍሬንና የእግር ክፍል፣ ቢ ከሆነ አካሉ፣ ዩ ከሆነ ኮምፒውተሮቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት መስመር ነው። ቀጥሎ ያለው ቁጥር 0 ከሆነ ኮዱ በሁሉም መኪና አንድ ነው፤ 1 ከሆነ የፋብሪካው የራሱ ነው፣ ትርጉሙም ከመኪና መኪና ይለያያል። ፒ0300 ብዙ ሲሊንደሮች እየዘለሉ ነው፤ ፒ0301 የመጀመሪያው ሲሊንደር ነው። ፒ0128 ሞተሩ በሚገባው ፍጥነት አልሞቀም የሚል ነው፤ ብዙ ጊዜ የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ተከፍቶ ቀርቷል። ፒ0455 በነዳጅ ትነቱ መስመር ትልቅ ማፍሰሻ አለ ነው፤ ክዳንህን እይ።

ብዙ ሰው የሚጎዳው ኮዱን ባለማንበብ ሳይሆን ኮዱን እንደ ትእዛዝ በማንበብ ነው። ኮድ የሚያነበው መሣሪያ፣ ስካነሩ፣ «ኦክስጅን ሴንሰር» የሚል ቃል ያለበት ነገር ካወጣ ኦክስጅን ሴንሰር ይቀየራል። «ካታላይዘር» ካለ ካታላይዘር ይቀየራል። ኮዱ ግን ይኼን ቀይር አላለም። ይኼ ቁጥር ከጠበቅኩት ውጭ ሆነብኝ ነው ያለው። ለምን ሆነ የሚለው ገና ያልተነካ ጥያቄ ነው።

በእኔ መኪና ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ኮዱ ፒ0171 ነበር። ወደ ሞተሩ ከሚገባው አየር አንጻር ነዳጁ አንሷል ማለት ነው። ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል 1 ኪሎ ነዳጅ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ኮምፒውተሩ ይኼን ሚዛን የሚጠብቀው ጭስ ማውጫው ላይ ባለው ኦክስጅን ሴንሰር ነው። ሴንሰሩ የተረፈ ኦክስጅን ካሸተተ ነዳጅ ይጨመራል፣ ካላሸተተ ይቀነሳል። የሚጨመረውና የሚቀነሰው በመቶኛ ይመዘገባል፣ ፊዩል ትሪም ይባላል። እስከ 10 በመቶ ወዲህ ወዲያ ማለት ብዙም አያስጨንቅም። ወደ 25 ሲጠጋ ኮምፒውተሩ «ጨመርኩ፣ ጨመርኩ፣ አልበቃ አለ» ይልና መብራቷን ያበራል።

የሄድኩበት ጋራዥ ኮዱን አየ፣ ኦክስጅን ሴንሰሩ ሞቷል አለ፣ ቀየረው፣ ኮዱን አጠፋው። መብራቷ ጠፋች። ሳምንት ሳይሞላ ተመለሰች። ሲያዩዋት ያው ኮድ ነው። አሁን ደግሞ የአየር መለኪያው ሴንሰር ይቀየር ተባለ። እዚህ ጋ ቆም አልኩ። ሴንሰሩ እውነቱን ሲናገር የነበረ ቢሆንስ? አየር በዝቷል ያለው በእርግጥ በዝቶ ቢሆንስ? ወሬ ነጋሪውን እየቀየርን ወሬውን ማን ይስማ?

ሌላ መካኒክ ዘንድ ወሰድኳት። ዕድሜው ገፋ ያለ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ስለ ኮዱ ስነግረው ብዙም አልሰማኝም። «ሚኒሞ ላይ ስንት ነው?» አለ። ስካነሩን ሰካና ሞተሩ በቆመበት ሲሠራ ትሪሙን አየ። ከ20 በላይ ነበር። ከዚያ ነዳጅ ሰጥቶ 2500 ዙር ላይ ያዘው። ቁጥሩ ወደ 5 ወረደ። ስካነሩን ነቀለና «የሆነ ቦታ አየር ትስባለች» አለኝ።

ነገሩ ቀላል ነው፣ አንዴ ከገባህ። ሚኒሞ ላይ ሞተሩ የሚስበው አየር ጥቂት ነው፤ ከማስገቢያው በኋላ ያለው ክፍት ቦታም በኃይል ይስባል። እዚያ ስንጥቅ ካለ፣ ሳይለካ ሾልኮ የሚገባው አየር ከጠቅላላው ትልቅ ድርሻ ይይዛል። ዙሩ ሲጨምር ሞተሩ ብዙ አየር ስለሚስብ ያቺው ስንጥቅ የምታስገባው ኢምንት ትሆናለች። ስለዚህ ሚኒሞ ላይ ከፍ ብሎ ዙር ሲጨምር የሚወርድ ትሪም ስንጥቅ አለ ይልሃል። የነዳጅ ፓምፑ ደክሞ ወይም ፊልትሮው ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ግልባጩ ይሆን ነበር፤ ጭነት ሲበዛ ነበር ነዳጅ የሚያጥረው። አንድ ኮድ፣ ሁለት ምክንያት። የሚለያቸው ማንም ሊያየው የሚችል ቁጥር ነው፣ ያውም ምንም ሳይፈታ።

ቀጥሎ ጭስ ነፋባት። ወደ አየር ማስገቢያው ጭስ በትንሽ ግፊት የሚያስገባ መሣሪያ አለ። ክፍተት ካለ ጭሱ በዚያ ይወጣል። ወጣ። ከሞተሩ ጀርባ፣ ዓይን በማይደርስበት፣ የታጠፈች የጎማ ቱቦ ከሥሯ ተሰንጥቃለች። ከተቀየረው ሴንሰር ጋር ስትወዳደር ዋጋዋ ምንም ነው። ቱቦዋ ተቀየረች። ኮዱን ግን አላጠፋልኝም። «ራሷ ትጥፋ፣ ከጠፋች እውነት ነው» አለ። ከጥቂት ጉዞ በኋላ ጠፋች።

ያ «ራሷ ትጥፋ» ያለው ነገር ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ ነው። ኮድ ማጥፋት እጅግ ቀላል ሥራ ነው፣ አንድ ቁልፍ መጫን። ባትሪ ነቅሎ መመለስም በብዙ መኪና ያው ውጤት አለው። ግን ከኮዱ ጋር አብሮ የሚጠፋ ነገር አለ። ብልሽቱ በተመዘገበባት ቅጽበት ኮምፒውተሩ የሞተሩን ሁኔታ ያስቀምጣል፤ ፍሪዝ ፍሬም ይሉታል። ዙሩ ስንት ነበር፣ ፍጥነቱ ስንት ነበር፣ ውሃው ምን ያህል ሞቆ ነበር፣ ትሪሙ የት ነበር። መካኒኩ ያልነበረበትን ሰዓት የሚያይበት ብቸኛ ማስረጃ ነው። ኮዱን አጥፍተህ ጋራዥ ከሄድክ ማስረጃውን ይዘህ አልሄድክም። ሌላም አለ። ስታጠፋ መኪናው ያለፋቸው ፍተሻዎች ሁሉ «ገና አልተሠራም» ወደሚል ይመለሳሉ። በመሰኪያዋ በኩል ምርመራ በሚደረግበት አገር መርማሪው ይኼን ያያል፣ መልሶም ይልክሃል። ከ2010 ሞዴል ገደማ ወዲህ ደግሞ በአሜሪካው ደንብ በተሠሩ መኪኖች ላይ በስካነር የማይጠፋ ቋሚ ኮድ አለ። የሚጠፋው መኪናው ራሱ ፍተሻውን አካሂዶ ብልሽቱ እንደሌለ ሲያረጋግጥ ብቻ ነው። ደንብ አውጪዎቹ ሰው ምን እንደሚያደርግ አውቀውታል።

ሰው የማያደርገው የለም። ጥቁር ፕላስተር የሚለጥፍባት አለ። ዳሽቦርዱን አስፈትቶ አምፖሏን የሚያስነቅልም አለ። ያገለገለ መኪና የምትገዛ ከሆነ ይቺን ያዝ፦ ቁልፉን አዙረህ ሞተሩን ሳታስነሳ ዳሽቦርዱን እይ። ቼክ ኢንጂን ያኔ ልትበራ ይገባል። ካልበራች አንድ ሰው ነክቷታል፣ ወይም ተቃጥላለች። በርታ ሞተሩ ሲነሳ ከጠፋች ደህና ነው፤ ግን ስካነር ሰክተህ ፍተሻዎቹ ተሠርተው እንደሆነ እይ። ሁሉም «አልተሠራም» ካሉ ኮዱ የጠፋው ምናልባት ዛሬ ጠዋት ነው።

ስለ ሌሎቹ ቢጫዎች ብዙ አልልም። ፈረስ ጫማ መሃል የቃለ አጋኖ ምልክት ያላት የጎማ አየር መብራት ዝም ብላ ከበራች አየር ጎድሏል። ሞተር ስታስነሳ ለአንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ብላ ከዚያ ከበራች ግን የታመመው ሥርዓቱ ራሱ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጎማው ውስጥ ያለው ሴንሰር ባትሪው አልቋል። ባትሪው ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው የሚቆየው፣ ለብቻውም ብዙ ጊዜ አይቀየርም። በብዙ ቶዮታዎች ላይ ደግሞ ቼክ ኢንጂን ስትበራ መንሸራተትን የሚቆጣጠረው የቪኤስሲ መብራትም አብሮ ይበራል። ሰው ደንግጦ ፍሬኑን ሊያስፈትሽ ይሄዳል። ኮምፒውተሩ ሞተሩን ስላላመነው ነው እንጂ ፍሬኑ ምንም አልሆነም። መብራቶች ተግተልትለው ከበሩ ደግሞ ከሁሉ በፊት ባትሪውን ለካ። ሞተሩ ጠፍቶ ሲያርፍ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሲሠራ 14 አካባቢ መሆን አለበት። የደከመ ባትሪ ኮምፒውተሮቹን ያምታታል፣ የሌለ በሽታ ያናግራቸዋል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። አብሮ መኖር።

አብሮ መኖርን አልነቅፍም። አንዳንዱ ብልሽት እውነትም ሊቆይ ይችላል። የነዳጅ ትነት ትንሽ ማፍሰሻ ሞተሩን አይገድለውም። ገንዘብ እስኪገኝ፣ ዕቃው እስኪመጣ መጠበቅ ያለ ነው። ችግሩ ሌላ ነው። መብራቷ አንድ ናት። እጁን አውጥቶ የቆመ ሰው ሌላ ጥያቄ ቢመጣበት እጁን ድጋሚ አያወጣም። በላላ ክዳን ምክንያት የበራች መብራት ከሁለት ወር በኋላ ቴርሞስታቱ ሲበላሽ፣ ከሦስት ወር በኋላ ትሪሙ ሲያብድ የምታሳይህ አዲስ ነገር የለም። ትናንት እንደበራች ዛሬም በርታለች። ብልጭ ድርግም እስክትል ድረስ አዲስ ወሬ አትሰማም፣ ያኔ ደግሞ መሽቷል። «የእኔ ከበራች ቆየች፣ ምንም አላመጣችም» የሚለው ሰው በእርግጥ የሚለው «ምን እንዳመጣች አላየሁም» ነው።

ዓይንም ይለምዳል። መጀመሪያ ሰሞን እያንዳንዱ ድምፅ ያስደነግጥሃል። ትንሽ ቆይተህ ዳሽቦርዱን ስታይ ፍጥነቱን ብቻ ታያለህ። የለመደ ዓይን ከቢጫዋ አጠገብ ሌላ ስትበራም ይዘገያል፤ ይኼ ነው የሚያስፈራኝ።

ስለዚህ መብራቷ ካልጠፋች ሥራዋን እኔ ልሠራላት ወሰንኩ። ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የምትገናኝ ትንሽ መሰኪያ ገዛሁ፤ ኢኤልኤም 327 በሚባለው ቺፕ የሚሠሩ ብዙ አሉ፣ ከአስመስሎ የተሠሩት መካከል ከአንዳንድ መኪና ጋር የማይግባቡም አሉ። ነዳጅ በሞላሁ ቁጥር እሰካታለሁ። ያው ኮድ ብቻ ካለ እነቅላለሁ። አዲስ ከመጣ ፍሪዝ ፍሬሙን ፎቶ አነሳለሁ። ምንም አላጠፋም። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሁልጊዜ ሰክቶ መተው ግን ጥሩ አይደለም፤ መኪናው ቆሞ ባትሪ ይበላል።

መኪናዬ አሁን እንደገና በርቶባታል እኮ። በዚህ ጊዜ ፒ0420 ነው፣ ካታላይዘሩ ደክሟል የሚለው። ኮምፒውተሩ ይኼን የሚያውቀው ከካታላይዘሩ በፊትና በኋላ ባሉ ሁለት ሴንሰሮች ነው። የፊተኛው ሲወዛወዝ የኋለኛው ረጋ ብሎ መቆየት አለበት፤ ካታላይዘሩ ኦክስጅን እየያዘና እየለቀቀ ስለሚያረጋጋው ነው። የኋለኛው የፊተኛውን እየተከተለ መወዛወዝ ከጀመረ ካታላይዘሩ እየያዘ አይደለም። ስካነሩ ላይ ሁለቱን መስመሮች ጎን ለጎን አየኋቸው። የእኔ የኋለኛው ይከተላል። ጭስ ማውጫው በሴንሰሩ አጠገብ ቢያፈስ ተመሳሳይ ውሸት ሊያወራ ስለሚችል እሱም ታየ፤ አያፈስም።

ወንድሜ መኪናዋን ሲዋሰኝ እንዲህ አልኩት፦ «ቢጫዋን አውቃታለሁ፣ አትጨነቅ። ብልጭ ድርግም ካለች ቀስ ብለህ ቁም። ቀይ ነገር ካየህ አጥፋና ደውል።» ሳቀብኝ። «የአውሮፕላን ሥልጠና ነው እንዴ?» አለ። ግን ስመለከተው ቁልፉን ከማዞሩ በፊት ዳሽቦርዱን አየ።

ካታላይዘር ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ያለበት ዕቃ ነው፣ ኪስ ያራቁታል። ስለዚህ ከመግዛቴ በፊት የበፊቱን ምን እንደገደለው ማወቅ እፈልጋለሁ። ካታላይዘር አብዛኛውን ጊዜ በራሱ አይሞትም። ያልተቃጠለ ነዳጅ ይገድለዋል፣ የሚቃጠል ዘይት ይገድለዋል፣ ወደ ሲሊንደር የሚገባ የራዲያተር ውሃም ይገድለዋል። ሲሊንደሮቹ አይዘሉም። ውሃው አይጎድልም። ዘይቱ ግን ይቀንሳል። ከሞተሩ ውስጥ የሚወጣውን ጋዝ የሚቆጣጠረው ፒሲቪ ቫልቭ ከተደፈነ ዘይት ወደ ማስገቢያው ሊገፋ ስለሚችል እሱን ቀይሬዋለሁ፣ ከሁሉም ርካሹ እሱ ነበርና። አሁን ሞተሩ ሲቀዘቅዝ፣ ሜዳ ላይ አቁሜ፣ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ እያየሁ እጽፋለሁ። መቀነሱን ካቆመ ካታላይዘሩን አዝዛለሁ። ካላቆመ ግን መጀመሪያ የሚከፈተው ሞተሩ ነው። የቫልቮቹ ማሸጊያ ይሁን የፒስተን ቀለበቱ ይታያል፤ ካታላይዘሩ ይጠብቃል።